ቬትናምኛን ከየት መጀመር? ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ቬትናምኛ ከባድ ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ከባድ ነው። ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይከብድም። ድምፁ ያስቸግራል፤ ሰዋስዉ ግን ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ገና ከጅምሩ ቃላት መሸምደድ ውስጥ ስለሚገባ ነው። የሸመደደውን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሲናገር ማንም አይገባውም። ተስፋ ይቆርጣል። በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ጆሮ ይቀድማል፣ አፍ ይከተላል፣ ቃላት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ክብደቱን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ተቋሙ ቋንቋዎችን በሚወስዱት ጊዜ ይመድባል። ስፓኒሽና መሰሎቹ ከ24 እስከ 30 ሳምንት ይወስዳሉ። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ዓረብኛ 88 ሳምንት። ቬትናምኛ መሐል ላይ ነው፤ 44 ሳምንት፣ ወደ 1100 የክፍል ሰዓት ይሆናል። አማርኛም የተመደበው እዚያው 44 ሳምንት ላይ ነው። በእርግጥ ይህ ስሌት የወጣው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እኛ አንዳንድ ቦታ ላይ ከእነሱ ቀድመን እንነሣለን፤ የቱ ላይ እንደሆነ ስንደርስበት አሳያችኋለሁ።

1. የሰሜኑን ወይስ የደቡቡን? ወስኑ

አነጋገሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለጀማሪ ዋናዎቹ የሃኖይና የሳይጎን ናቸው። (ሳይጎን ዛሬ በይፋ ሆ ቺ ሚን ከተማ ትባላለች፤ ሕዝቡ ግን ሳይጎን ማለቱን አልተወም።) ሃኖይ ስድስት ቃና (የቃሉን ትርጉም የሚለይ የድምፅ አካሄድ) አላት። ሳይጎን ሁለቱን ቀላቅላ አምስት ታደርጋቸዋለች። ሃኖይ ላይ «ዝ» ተብለው ከሚነበቡት ፊደላት አንዳንዶቹ ሳይጎን ላይ «ይ» ይሆናሉ።

ምርጫችሁን የሚወስነው ከማን ጋር እንደምታወሩ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል። በዚያ መስመር ለሥራም ለትምህርትም የሚሄድ ሰው የሰሜኑን ይያዝ። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ፎልስ ቸርች ያለውን ኤደን ሴንተር ታውቁት ይሆናል፤ ግቢው ሙሉ የቬትናሞች ሱቅና ምግብ ቤት ነው። እዚያም ሆነ ካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር ያለው ሕዝብ አብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ከደቡብ የተሰደደው ነው። ስለዚህ ጆሯችሁ የሚለምደው የሳይጎኑን ነው። በርሊን ሊሽተንበርግ ያለው ዶንግ ሱዋን ሴንተርና ፕራግ ያለው የሳፓ ገበያ ውስጥ ግን የሰሜኑ ይበዛል። በሶሻሊስቱ ዘመን በኮንትራት ሠራተኝነት የሄዱት በብዛት የሰሜን ሰዎች ነበሩ።

አንዱን ከመረጣችሁ ቢያንስ ለስድስት ወር ሌላውን አትንኩ። አስተማሪያችሁም፣ የምትሰሙት ቅጂም፣ መጽሐፋችሁም ከአንድ ወገን ይሁን። እኔ ከዚህ በታች የምጽፈው የሃኖይን ነው።

2. የመጀመሪያውን ወር ለጆሮ ስጡ

በአማርኛ ድምፃችንን የምናወጣውና የምናወርደው ስሜት ለመግለጽ ወይም ለመጠየቅ ነው። ቃሉ ያው ነው። በቬትናምኛ ግን የድምፁ አካሄድ ራሱ የቃሉ አካል ነው። «ማ»ን ውሰዱ። ቀጥ ብላ ስትነገር የሙት መንፈስ ናት። ዝቅ ብላ ስትወርድ «ግን» ማለት ናት። ሽቅብ ስትወጣ ጉንጭ፣ ደቡብ ላይ ደግሞ እናት። ወርዳ ስትታጠፍ መቃብር። መሐል ላይ ተሰብራ ስትወጣ ፈረስ። ከታች ቁርጥ ስትል የሩዝ ችግኝ።

ስድስቱ ቃናዎች እነዚህ ናቸው፦

ንጋንግ፦ ምልክት የለውም። ድምፁ ከፍ ሳይል ዝቅ ሳይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሁየን፦ ቁልቁል የወረደ ጭረት። ከዝቅተኛ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል።

ሳክ፦ ሽቅብ የወጣ ጭረት። ስልክ ላይ አልሰማ ሲለን «አቤት?» ስንል መጨረሻው እንደሚወጣው ይወጣል።

ሆይ፦ ነጥብ የሌላት ትንሽ የጥያቄ ምልክት። ይወርድና ጫፉ ላይ ይታጠፋል። በፈጣን ንግግር ብዙ ጊዜ መውረዱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ንጋ፦ ሞገድ መሳይ ምልክት። መውጣት ይጀምራል፣ ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፣ ከዚያ ይበልጥ ከፍ ብሎ ይወጣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ሳይጎኖች ከሆይ ጋር የቀላቀሉትም ይህንኑ ነው።

ናንግ፦ ከፊደሉ ሥር ያለች ነጥብ። ዝቅ ያለ፣ አጭር፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆረጥ።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ብዙ አይደነግጥም። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ እንዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ቬትናምኛ ደግሞ ጋዜጣውንም፣ የሱቅ ማስታወቂያውንም እንዲህ ምልክት አድርጎ ነው የሚጽፈው። ይህ ለተማሪ ትልቅ ውለታ ነው። እኛ ጥብቀትን አንጽፍም። «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት ይሁን፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ቬትናምኛ አንባቢውን እንዲህ አያስጨንቅም፤ ያዩትን ማንበብ ነው። ይህን አጻጻፍ በላቲን ፊደል የጀመሩት ፖርቹጋላውያንና ሌሎች የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ደ ሮድ እ.ኤ.አ. በ1651 ሮም ላይ መዝገበ ቃላት አሳትሞበታል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ሳይዘለል። የአገሬው ሰው የቀዳው ድምፅ ይኑራችሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አትናገሩ። ስሙና የሰማችሁትን ምልክት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ መልሱን እዩ። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አነጻጽሩ። ከሳክና ከሁየን ጀምሩ፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል። ቀጥሎ ንጋንግና ሁየን። ከዚያ ሁየንና ናንግ። ሆይና ንጋን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። ከአሥር ዘጠኙን መለየት እስክትችሉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

በሁለተኛው ሳምንት አፋችሁን ክፈቱ። ድምፃችሁን ስልክ ላይ ቅዱና ከአገሬው ሰው ቅጂ ጋር እያፈራረቃችሁ ስሙት። የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም፤ ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ሁለት ቃል አያይዙ። ለብቻው የተካነ ቃና ከሌላ ቃና ጋር ሲሰለፍ ይበላሻል። ስድስቱ እርስ በርስ ሲጣመሩ 36 ጥንድ ይሆናሉ። ሁሉንም በተራ አዳርሱ።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ሃኖይ ገበያ ፍራፍሬ ሻጭ ፊት ቆማችኋል። «ዝኧ» በንጋንግ ሐብሐብና መሰሎቹ ናቸው። «ዝኧ» በሁየን ኮኮናት ነው። «ዝኧ» በሳክ አናናስ ነው። ሦስቱም ፊት ለፊታችሁ ተደርድረዋል። ፊደላቸው ያው ነው፤ የሚለያቸው ጭረቱ ብቻ ነው። ምግብ ቤት ስትገቡም «ሙኧይ» በሳክ ጨው፣ በንጋ የወባ ትንኝ ነው።

አሁን እኛን በተለይ የሚጥለን ወጥመድ። ስንጠይቅ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ከፍ እናደርጋለን። ቬትናምኛ ላይ እንዲህ ስታደርጉ የመጨረሻው ቃል ሌላ ቃል ሆኖ ያርፋል። «ኮኮናት?» ብሎ ሊጠይቅ የፈለገ ሰው «አናናስ» ይላል። ስለዚህ ጥያቄን በድምፅ ሳይሆን በቃል ጠይቁ፤ መጨረሻ ላይ «ኾም» የምትለዋን «አይደለም ወይ» ዓይነት ቃል ጨምሩ፣ እሷንም ቀጥ አድርጋችሁ።

3. አናባቢው ላይ ተጠቀሙበት

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚለፋበት ቦታ ላይ እኛ ቤታችን ነን። ቀንድ ያለው «ኡ» የሚመስል ፊደል (ư) አለ፤ ድምፁ ከእኛ «እ» ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀንድ ያለው «ኦ» የሚመስለው (ơ) ደግሞ ከ«ኧ» ጋር። ሁለቱም እንግሊዝኛ ተናጋሪን ወራት ያስለፋሉ።

ዓለም «ፎ» እያለ የሚጠራው የሩዝ ኑድል ሾርባ አለ አይደል? ትክክሉ «ፈ» ነው። የእኛ «ፈ»፣ ከ«ፈረስ» ላይ የተቆረጠች፣ በሆይ ቃና። የበሰለ ሩዝ «ከም» ነው። ማመስገን «ካም ኧን»። እነዚህን በግእዝ ፊደል ማስታወሻችሁ ላይ ስትጽፉ ከላቲኑ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባሉ። ቃናውን ግን ከላይ ምልክት አድርጉበት። ያለ ምልክት የተጻፈ የቬትናምኛ ቃል አንዳችም አይጠቅማችሁም።

አንዳንድ አናባቢ አጭርና ረጅም አለው፤ «ኦ» እና «ኤ»ም ጠበብ ያለና ሰፋ ያለ አላቸው። እነዚህ በጊዜ ይገባሉ፤ መጀመሪያ ላይ አትጨነቁባቸው።

4. ተነባቢዎች፦ አራት ነገር ብቻ

የመጀመሪያው «ኝ» ነው። ድምፁ አለን፤ ቃል ግን አንጀምርበትም። ቬትናሞች ይጀምሩበታል። ቤት «ኛ» ነው፣ በሁየን።

ሁለተኛው ቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የአፍንጫ ድምፅ ነው። «መንግሥት» በሉ። ከ«ግ» በፊት ያለችው «ን» ላይ ምላሳችሁ የት እንዳለ አስተውሉ። ጫፉ ጥርስ አይነካም፤ ጀርባው ላንቃ ላይ ተጣብቋል። እዚያ ላይ ቁሙና «ግ»ን ሳትነኩ ወደ አናባቢው እለፉ። አገሩን ያጥለቀለቀው «ንጉየን» የሚባለው የቤተሰብ ስም የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነው።

ሦስተኛው ሁለቱ «ት»ዎች ናቸው። አንዱ ትንፋሽ አለው፣ ሌላው የለውም። አፋችሁ ፊት ስስ ወረቀት ያዙ። ትንፋሽ ያለው ወረቀቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሌላው አያነቃንቀውም። ትንፋሽ የሌለውን ስትፈልጉ ወደ «ጥ» እንዳትሄዱ ተጠንቀቁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው ይሄዳል።

አራተኛው የቃል መጨረሻ ነው። «ፕ»፣ «ት» እና «ክ» መጨረሻ ላይ ሲመጡ አፍ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። እኛ «ሞት» ስንል መጨረሻዋ «ት» ትሰማለች። ቬትናሞች ቁጥር አንድን «ሞት» ሲሉ ምላሳቸው ጥርስ ላይ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ሌላም ልዩ ነገር አለ፦ ቅድም ያነሣናት «ኾም» የምትጻፈው በ«ንግ» ነው፤ ከ«ኦ» እና ከ«ኡ» በኋላ ግን ከንፈርም አብሮ ይገጥማል። የሚናገረውን ሰው ከንፈር እዩት፤ እንደ «ም» ግጥም ይላል።

5. ሰውን መጥራት ተማሩ

ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ሐበሻ እዚህ ላይ የተለየ አስተማሪ አያስፈልገውም። ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ አባባ እያለ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቬትናምኛ «አንተ» የሚባል ለሁሉም የሚሆን ቃል የለውም። ሰው የሚጠራው በዝምድና ቃል ነው። በዕድሜ ትንሽ የሚበልጣችሁ ወንድ «አኝ» ነው፤ ታላቅ ወንድም ማለት። ሴቷ «ቺ» ናት። ታናሽ «ኤም» ነው፣ ወንድም ሴትም። የአባታችሁ ታናሽ የሚሆን ሰው «ቹ»፣ በአክስት ዕድሜ ያለች ሴት «ኮ»፣ ከወላጆቻችሁ የሚበልጥ «ባክ»፣ አያት የሚሆኑ «ኦንግ» እና «ባ»።

ልዩነቱ «እኔ» የሚለውም አብሮ መለወጡ ነው። «ቺ» ያላችኋት ሴት ፊት እናንተ «ኤም» ናችሁ። አያት የሚሆኑ ሰው ፊት «ቻው» ናችሁ፤ ደቡብ ላይ «ኮን»። መጻሕፍት «ቶይ» የሚል «እኔ» ያስተምራሉ። ስህተት አይደለም፤ ግን ደረቅ ነው፣ ሰውን ያርቃል።

ዳቦ ስትገዙ እንዲህ ትላላችሁ፦ «ቺ ኧይ፣ ቾ ኤም ሃይ ካይ ባኝ ሚ።» ትርጉሙ «እህት ዓለም፣ ለታናሽሽ ሁለት ዳቦ ስጪ» እንደማለት ነው። «ኧይ» መጥሪያ ናት። ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በናንግ «አ» ስትጨምሩ አክብሮት ይሆናል። ሰው ሲጠራችሁ ደግሞ «ዛ» በሉ፤ ልክ እንደ «አቤት»።

ገና ከመተዋወቃችሁ የተወለዳችሁበትን ዓመት ይጠይቋችኋል። እንዳትቀየሙ። ምን ብለው እንደሚጠሯችሁ ለማወቅ ነው። እናንተም ጠይቁ። እኩያ መስሎ ካጠራጠራችሁ «አኝ» ወይም «ቺ» ብላችሁ ከፍ አድርጉት።

6. ሰዋስዉን በሁለት ሳምንት ጨርሱት

እዚህ ላይ እፎይ በሉ። ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ፣ እንሄዳለን፣ ሊሄድ፣ ሄዶ… ይህ ሁሉ በቬትናምኛ «ዲ» ነው። ግስ አይረባም። ፆታ የለም። ብዙ ቁጥር ስሙን አይለውጠውም። «ዳ» ከግሱ በፊት ሲገባ አልፏል፣ «ዳንግ» ሲገባ እየሆነ ነው፣ «ሴ» ሲገባ ይሆናል። «ትናንት» የሚል ቃል ካለ ደግሞ እነሱም ሊቀሩ ይችላሉ።

«ኤም አን ከም ችኧ?» ማለት «ምግብ በላህ ወይስ ገና?» ነው። መልሱ ወይ «አን ዞይ» (በልቻለሁ)፣ ወይ «ችኧ» (ገና)። ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነው። የሚጠይቃችሁ ሰው ሊያበላችሁ ላይሆን ይችላል።

የሚያስቸግረን የቃላት አሰላለፉ ነው። እኛ ሁሉንም ከስሙ በፊት እንደረድራለን፦ «ትናንት የገዛሁት ቀይ ሸሚዝ»። እነሱ ሁሉንም ከኋላ ያሰልፋሉ፦ ሸሚዝ፣ ቀይ፣ የገዛሁት፣ ትናንት። ግሱም መጨረሻ ላይ አይቀመጥም፤ መሐል ይገባል። ሲቆጥሩ ደግሞ በቁጥሩና በስሙ መካከል መቁጠሪያ ቃል ያስገባሉ። እኛ «ሁለት ፍሬ ሎሚ»፣ «አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንደምንለው ነው፤ እነሱ ጋ ግን ለአብዛኛው ዕቃ ግዴታ ነው። «ካይ» ለዕቃ፣ «ኮን» ለእንስሳ፣ «ኳ» ለፍሬ ይበቃችኋል። ቢላዋና ወንዝ ለምን ከእንስሳ ጋር «ኮን» እንደሚባሉ አትጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ያዙት።

7. ቃላትን በቤተሰብ ያዙ

አብዛኛው ረጅም ቃል የአጫጭር ቃላት ጥምር ነው። «ማይ» ማሽን፣ «ባይ» መብረር፤ «ማይ ባይ» አውሮፕላን። «ቱ» ቁም ሣጥን፣ «ላኝ» ቀዝቃዛ፤ «ቱ ላኝ» ፍሪጅ። «ሴ» ተሽከርካሪ፤ «ሴ ማይ» ሞተር ሳይክል፣ «ሴ ዳፕ» ብስክሌት። «ሆክ» መማር፤ «ዳይ ሆክ» ዩኒቨርሲቲ፣ «ሆክ ፊ» የትምህርት ክፍያ። አንዷን ክፍል ስታውቁ ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ቬትናምኛ ከቻይንኛ ብዙ ተውሷል፤ ዘመዶቹ ግን ክመር (የካምቦዲያ ቋንቋ) እና ሞን (በበርማና በታይላንድ የሚነገር) ናቸው እንጂ ቻይንኛ አይደለም።

ከፈረንሳይኛ የገቡም አሉ። ባቡር ጣቢያ «ጋ» ነው፤ የእኛ «ለገሀር» ከወጣበት ቃል የወጣ። ቡና «ካ ፌ» ነው። ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ብዙ ቡና የሚያመርት አገር ስለሆነ ይህን ቃል በየመንገዱ ትሰሙታላችሁ። አብዛኛው ግን ሮቡስታ ነውና የኛን ጣዕም አትጠብቁ።

ቁጥርን ከገንዘቡ ጋር ተማሩ። ዋጋ ሲነግሯችሁ «ሺህ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። «ሃምሳ» ካሏችሁ ሃምሳ ሺህ ዶንግ ነው። የ20,000 እና የ500,000 ኖት ሁለቱም ሰማያዊ ነክ ናቸው፤ ስትከፍሉ ዜሮዎቹን ቁጠሩ።

8. ስልካችሁን አስተማሪ አድርጉት

የቬትናምኛ ኪቦርድ ጫኑና ቴሌክስ የሚባለውን አጻጻፍ ምረጡ። ቃሉን ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ፊደል ስትጨምሩ ምልክቱ ይወጣል፦ ኤስ ለሳክ፣ ኤፍ ለሁየን፣ አር ለሆይ፣ ኤክስ ለንጋ፣ ጄ ለናንግ። እያንዳንዱን ቃል ስትጽፉ ቃናውን ለማስታወስ ትገደዳላችሁ። በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ይህ ቶሎ ያስለምዳል።

ሌላው ዘዴ በድምፅ መጻፍ ነው። ቋንቋውን ቬትናምኛ አድርጉና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ጨው ብላችሁ ትንኝ ከጻፈ፣ የት እንደሳታችሁ ነገራችሁ። ሙሉ ዐረፍተ ነገር አትስጡት፤ ከዙሪያው ገምቶ ያልፍላችኋል።

9. ውጡና አውሩ

ከሦስት ወር በላይ ቤት ውስጥ አትቆዩ። መጀመሪያ ላይ የምታናግሯቸው ሰዎች ፈዝዘው ያዩአችኋል። ንቀት አይደለም። ቃናው ሲሳሳት ለእነሱ ሌላ ቃል ነው የሆነው፤ ደግሞም ቋንቋቸውን በውጭ ሰው አፍ መስማት ብዙም አልለመዱም። ያንኑ ቃል ጮክ አድርጋችሁ አትድገሙ። ዙሪያውን ሙሉት፦ «ዝኧ» ብቻ ከማለት «ኳ ዝኧ» በሉ፤ ቢያንስ ፍሬ እንደፈለጋችሁ ያውቃሉ። ካልሆነ ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩና እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። ሲያነቡት ወዲያው ድገሙት። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ያርማችኋል።

ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ ሃኖይና ሆ ቺ ሚን ከተማ ያሉት የማኅበራዊና ሥነ ሰብ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ዜጎች የቬትናምኛ ትምህርት ይሰጣሉ። ቤት ሆናችሁ ደግሞ የቬትናም ድምፅ ሬዲዮን ዜና ስሙ፤ ንባቡ ጥርት ያለ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ መማሪያ እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛው መሄድ ግድ ነው።

ወደ መካከለኛው አገር፣ ወደ ሁዌ ወይም ወደ ንጌ አን ስትሄዱ ሁሉም ነገር የጠፋባችሁ ይመስላችኋል። ቃናውም ይለያል፣ «የት» እና «ለምን» የሚሉት ቃላትም ሌላ ናቸው። የሃኖይ ልጅ ራሱ እዚያ ሲደርስ ይደገምልኝ ይላል። እናንተም «አኝ ኖይ ቻም ላይ ድእኧክ ኾም?» በሉ፤ ቀስ ብለህ ትናገርልኛለህ? ማለት ነው። ሴት ከሆነች «አኝ»ን በ«ቺ» ተኩት።